ናርዶስና የሃምሳው ሽሮ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ዛሬ ላሟን አንነካትም። «የሽሮ ድስት» በሉኝ። ተባለ? ጎበዞች። አሁን ጆሮ ስጡኝ፤ ይህ ተረት ሩጫ ይወዳል፣ የዘገየ ታክሲው ያመልጠዋል።

በሰፈራችን ናርዶስ የምትባል ልጅ አለች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት፣ ምላሷ ግን የሠላሳ። ሁዳዴን ከቤተሰቡ ጋር ጾመች። ፋሲካ ደረሰ፣ ዶሮው ተሠራ፣ በጉ ታረደ፣ ሰው ሁሉ ፈታ። እሷ ብቻ «ሥጋ አልበላም» አለች።

«እስከ መቼ?» አሏት።

«በቃ፣ ለሁልጊዜ። ሳልበላው ቀለለኝ።»

ታላቅ ወንድሟ ኪሩቤል ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሣር እንጨድልሽ? ወይስ ከበጎቹ ጋር ትሰማሪያለሽ?»

«አንተ መጀመሪያ ጥርስህ መሃል የተሰነቀረውን በግ አውጣው፣ ከዚያ ታወራለህ።»

እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ግን አልሳቁም። የእሳቸው ጭንቅ ሌላ ነው። «በሃምሳው የሚጾም ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ መጾም ክልክል ነው! ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እማ፣ አልጾምኩም። ሥጋ አልበላም ነው ያልኩት።»

«እሱ ጾም ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ?»

ነገሩ ከረረ። ዓርብ ጠዋት ውል ሆነ። እናት እንዲህ አሉ፦ «አባትሽ ለምሳ እስኪመጣ የሚያጠግብሽን ነገር ሠርተሽ አሳይኝ። ከሠራሽ እንደወደድሽ ብዪ፣ እኛም አፋችንን እንይዛለን። ካልሠራሽ ግን ከእኛ ጋር ቁጭ ብለሽ ጥብስሽን ትበያለሽ፤ ይህ ወሬም ሁለተኛ እዚህ ቤት አይነሳም።»

«እሺ! የምፈልገው አንድ ድስት ሽሮ ነው።»

«ሽሮማ በሁዳዴ አለቀ። ሽሮ ካላመጣሽ ድስት አይጣድም» አሉና ብር ሰጧት። በላዩም ትኩስ ጥብስ በፌስታል ቋጥረው አስያዟት። «ሲርብሽ ታመሰግኚኛለሽ።»

ናርዶስ ፌስታሏን እያወዛወዘች ሱቅ ሄደች። «ጋሼ ሙዘይን፣ ሽሮ ይስጡኝ! ሽሮ ካልመጣ ድስት አይጣድም፤ ድስት ካልተጣደ ጥብስ በላሁ፣ አለቀልኝ!»

ባለሱቁ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። «በሃምሳ ሽሮ? ሸጋዬ፣ ሰዉ ሥጋ ላይ ነው። ሳሙና አለ፣ ሻማ አለ፣ ስቴኪኒ እንደሆነ በሽ በሽ ነው። ሽሮ ግን ወፍጮው ካልዞረ ከየት ይመጣል?»

ናርዶስ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠች። ጋሽ በየነ ዱቄት የነካው ቅንድባቸውን ደፍተው ያንጎላጃሉ።

«ጋሽ በየነ፣ ወፍጮውን ያዙሩልኝ! ወፍጮ ካልዞረ ሱቅ ሽሮ የለውም፤ ሱቅ ሽሮ ከሌለው ድስት አይጣድም፤ ድስት ካልተጣደ ጥብስ በላሁ፣ አለቀልኝ!»

«ምኑን ልፍጨው፣ አየሩን? ሽንብራ ካልመጣ ወፍጮ አይዞርም። ሽንብራ የምታቀርብልን እትዬ ፋንታዬ ናት፤ እሷን ያዢ።»

ያዘቻቸው። እትዬ ፋንታዬ ባዶ ወንፊት ታቅፈው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ሽንብራ! ሽንብራ ካልመጣ ወፍጮ አይዞርም፤ ወፍጮ ካልዞረ ሱቅ ሽሮ የለውም፤ ሱቅ ሽሮ ከሌለው ድስት አይጣድም፤ ድስት ካልተጣደ ጥብስ በላሁ፣ አለቀልኝ!»

«ውይ፣ ተንፍሺ እንጂ ልጄ! ሽንብራዬማ ተቆልቷል፣ ተከክቷል፣ ቅመሙም ገብቶበታል። እህቴ ቤት አዘጋጅቼ ጋሪ ላይ አስጫንኩት። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔ መንገድ ላይ ቀረ። ጋሪ ካልደረሰ ሽንብራ አይመጣም።»

ናርዶስ ወደ ታች ወረደች። ቀጭኗ ቅያስ አፍ ላይ ጋሪው ቆሟል፤ ባለጋሪው ሸምሱ ከረጢቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«ሸምሱ፣ ምን ጎለተህ? ጋሪ ካልደረሰ ሽንብራ አይመጣም፤ ሽንብራ ካልመጣ ወፍጮ አይዞርም፤ ወፍጮ ካልዞረ ሱቅ ሽሮ የለውም፤ ሱቅ ሽሮ ከሌለው ድስት አይጣድም፤ ድስት ካልተጣደ ጥብስ በላሁ፣ አለቀልኝ!»

«እኔን ምን ታፈጥጪብኛለሽ? እመቤቲቱን ጠይቂያት» አለና አህያዋን አሳያት። አራት እግሯን እንደ ችካል ተክላ ቆማለች። «አህያዬ ካልተራመደች ጋሪ አይደርስም። አህያዬ ደግሞ ያ ባለጌ ካልተነሳ አትራመድም።»

ያ ባለጌ የሰፈሩ ውሻ ቡቺ ነው። ቅያሷ መሃል እንደ ኬላ ተጋድሟል።

«በዱላ አታስነሳውም?»

«ዱላዬን ቀምቶ ተንተራሰው!»

«ውሃ አትደፋበትም?»

«ደፋሁበት። ሞቆት ነበር መሰለኝ፣ ተመቸው። ከፋሲካ ወዲህ ሥጋ ለምዷል፤ ሥጋ ካልቀመሰ ለማንም አይነሳም።»

ናርዶስ ቡቺ ፊት ቁጢጥ አለች። «ቡቺዬ፣ በናትህ ተነሳ! ቡቺ ካልተነሳ አህያ አትራመድም፤ አህያ ካልተራመደች ጋሪ አይደርስም፤ ጋሪ ካልደረሰ ሽንብራ አይመጣም፤ ሽንብራ ካልመጣ ወፍጮ አይዞርም፤ ወፍጮ ካልዞረ ሱቅ ሽሮ የለውም፤ ሱቅ ሽሮ ከሌለው ድስት አይጣድም፤ ድስት ካልተጣደ ጥብስ በላሁ፣ አለቀልኝ!»

ቡቺ አዛጋ። አንድ ዓይኑን ገለጠና መልሶ ከደነው።

ይሄኔ ኪሩቤል ስቴኪኒውን እያላመጠ ከላይ ብቅ አለ። «ናርዲዬ! አባዬ ከሥራ ወጥቻለሁ ብሎ ደውሏል። በይ ነይ፣ ጥብሱ ናፍቆሻል!»

«ጥብስ...» አለች ናርዶስ። ቀና አለች። ወደ ቡቺ አየች። ከጠዋት ጀምሮ የሰፈሩን ዳገትና ቁልቁለት ተሸክማው የዞረችውን ፌስታል አየች። ለካ ቁልፉን በእጇ ይዛ ነው በር የምትደበድበው!

ፌስታሉን ፈታችና ጥብሱን ከቅያሷ ዳር፣ ግድግዳው ሥር ዘረገፈችው።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ቡቺ ተነሳ፤ አህያ ተራመደች፤ ጋሪ ደረሰ፤ ሽንብራ መጣ፤ ወፍጮ ዞረ፤ ሱቅ ሽሮ አገኘ። የወፍጮው ሽታ ሰፈሩን ሲያውደው ሰው ሁሉ ከየቤቱ እየወጣ ጋሼ ሙዘይን ሱቅ ተሰለፈ። ለካ ሁሉም ሥጋ ሰልችቶት፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎረቤቱን አፍሮ ነው ዝም ያለው!

«ዞር በሉ!» አሉ ጋሼ ሙዘይን። «መጀመሪያ ለልጅቷ!»

ናርዶስ ሽሮዋን ታቅፋ በረረች። ድስት ተጣደ። ሽንኩርቱ በዘይት ተቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተከተለ፣ ውሃው ፈላ፣ ሽሮው እየተነሰነሰ ገባ። ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር አባትየው በሩን ከፍተው ገቡ።

«ደረሰ!» አለች ናርዶስ።

«ቆይ!» አሉ እናት፣ ድስቱ ፊት ተገትረው። «በሃምሳው የጾም ወጥ ከገበታዬ አይቀርብም። ሞቼ ነው ቆሜ!»

ኪሩቤል ከንፈሩን መጠጠ። ናርዶስ ግን መደርደሪያው ላይ ተንጠራራች፤ የተነጠረውን ቅቤ አወረደች፤ በትልቁ ማንኪያ ዛቀችና ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። ቅቤው ቀለጠ። መዓዛው ጣሪያ ነካ።

«እማ፣ በቅቤ የሚጾም ሰው አለ?»

«ኧረ በስመ አብ! ቅቤ ምኑ ጾም ነው?»

«እንግዲያው አልጾምኩም። ሥጋም አልበላሁም።»

ወይዘሮ አስናቀችን ሳቅ አመለጣቸው። «ውል ውል ነው» አሉና እንጀራውን ራሳቸው አቀረቡላት።

አባትየው አንዴ አጠቀሱ፣ ደገሙ። ኪሩቤል ቀስ ብሎ እጁን ሰደደ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ መቁጠር ቀረ።

«አንተ! ሣር ነው እኮ!» አለችው።

«ዝም በይ፣ እየተሰማራሁ ነው።»

«ነገስ ምን ልትበዪ ነው?» አሉ እናት።

«ነገ ጎመን በአይብ። ከነገ ወዲያ እንቁላል ፍርፍር።»

«ያ የቋጠርኩልሽ ጥብስስ?»

«ሠርቷል፣ እማ። መንገድ አስከፍቶልኛል።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ደግሞ ዳቦውን ተዉትና በሽሮ አብሱልኝ። ቅቤዋን እንዳትረሱ!