ጣሪያ የታቀፈችው ዶሮ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አንቺም ስንዱ፣ በሩን ገጥም አድርጊና ነይ፤ ነፋሱ አመድ እየበተነብኝ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ የሰኔ ነገር ነው። ሰኔ መግቢያ፣ ሰማይ ከጠዋት ጀምሮ የሚያጉረመርምበት፣ ሰው ሁሉ ቀና እያለ ደመና የሚያይበት ወር። ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እኔ ሁለቴ አልናገርም። ውሸቴን ነው፤ የዛሬው ነገር ሲደጋገም ነው የሚውለው።

ያኔ ስንዱ የስምንት ቀን ልጅ ነበረች። አዎ፣ አንቺ ነሻ! ምን ታዪኛለሽ? እናትሽ አስካለ፣ ልጄ፣ ከባሏ ከይገርማል ጋር ዳገቱ ላይ፣ ጉም አምባ ነበር የምትኖረው። እኔ እዚህ ታች ከተማው ውስጥ። በግንቦት ማለቂያ አውሎ ነፋስ ተነሣና የቤታቸውን ጣሪያ እንደ ሻሽ ገፎ ገደል ከተተው። ጎረቤት እንዳትጠጋ የጎረቤቱም ጣሪያ አብሮ ሄዷል፤ ወደ እኔ እንዳትወርድ አራስ ሩቅ መንገድ አትሄድም። ሸራ ቢወጥሩላት ነፋሱ ሸራውንም ይወስደዋል። አራስ ልጄ አልጋዋ ላይ አንጋጣ ሰማይ ታያለች።

«እማዬ፣ ገንፎም ይቅር፣ ቅቤም ይቅር፤ ጣሪያ ብቻ» ብላ ላከችብኝ።

ጣሪያ ብቻ! ትንሽ ነገር አይደለም? የሰኔ ሚካኤል ካለፈ ግን የጉም አምባ መንገድ ጭቃ ይውጠዋል፤ እስከ መስቀል መኪና አያልፍበትም። የቀረን ስምንት ቀን ነው።

ሃያ አራት ቆርቆሮ ተገዛ። ሃያ አራቱም ግቢዬ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ይቆማሉ እንጂ እግር አላቸው? ቆርቆሮው ቤቱን አልከድንም አለ፣ አስካለም ከነልጇ ሰማይ ታያለች።

አማቼ ይገርማል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቀይቱ የሚላት አሮጊት መኪና አለችው፤ የጉም አምባን ዳገት የሚደፍር ሌላ መኪና የለም። ከሚስቱ አስበልጦ ያጥባታል፣ እሱን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። «ታዲያ ጭነህ አትወጣም? ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«እማማ፣ ቀይቱ ትንፋሽ የላትም።»

«መኪና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትተነፍሰው?»

«ቱርቦ የሚባል አለ፤ በጭሷ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ይነፋላታል። እሱ ሥራ አቁሟል። ያለ እሱ ዳገቱ ሥር ደርሳ እንደ አስም በሽተኛ ቁጭ ነው የምትለው።»

ይኸውላችሁ! መኪናዋ ቆርቆሮውን አልጭንም አለች፣ ቆርቆሮው ቤቱን አልከድንም አለ፣ አስካለም ከነልጇ ሰማይ ታያለች።

«እሺ ቱርቦውን ምን ነካው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱስ ጤነኛ ነው፤ መቀመጫው ነው የተሰነጠቀው» አለኝ። መቀመጫው አራት ጣት ያለው ብረት ነው። ከሞተሩ አራት ቀዳዳ ጭሱን ሰብስቦ ለቱርቦው ያቀብላል። እነሱ ማኒፎልድ ይሉታል፤ እኔ ባለአራት ጣቱ እለዋለሁ። አዲስ አበባ ድረስ ቢፈለግ ለቀይቱ የሚሆን ጠፋ። ለአሮጊት ማን ልብስ ይሰፋል! እንግዲህ ቱርቦው መኪናዋን አልነፋም አለ፣ መኪናዋ ቆርቆሮውን አልጭንም አለች፣ ቆርቆሮው ቤቱን አልከድንም አለ፣ አስካለም ከነልጇ ሰማይ ታያለች። ስድስት ቀን ቀረን።

በያጁ ሙሉሰው ሰፈራችን ነው፤ ከኔ ግቢ ቀጥሎ ካለው ግቢ ቀጥሎ። «እኔ እሠራዋለሁ» አለ። ምን አለውና! አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ የብረት መጋዝ፣ አንድ መዶሻ፣ ብዙ ወሬ። ግን እጁ መልካም ነው። ከወፍራም የውሃ ቧንቧ አራት ጣት ቆረጠ። ከወፍራም ብረት መሠረት ቀደደለት። መሠረቱን ከአንድ ከተጣለ አሮጌ ሞተር ራስ ላይ በብሎን አሰረው።

«ለምን ታስረዋለህ? ይሸሻል?»

«ይሸሻል እንጂ እትዬ ጌጤነሽ! ብረት ሲሞቅ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን ያዞራል። ሳያስሩ ከበየዱት ከሞተሩ ጋር አይገጥምም።»

ከዚያ መነጽሩን ደፍቶ ቢለኩሰው ትፍ ትፍ፣ ጭስ ብቻ። ብየዳው እንደ ወንፊት በሳ። አንዱ ጣት ቀዝቀዝ ሲል ጧ! ብሎ ተሰነጠቀ። ሙሉሰው ኤሌክትሮዱን፣ ያን እየቀለጠ ብረት ከብረት የሚያጣብቀውን ዘንግ፣ አንሥቶ ወረወረው። ለካ ያ ሙቀት የሚችለው፣ አንድ እሽግ ብቻ የቀረው ኤሌክትሮድ ዝናብ መትቶት ኖሯል። አንዱን እሳት ዳር ቢያሞቀው ልባሱ እንደ ድንች ልጣጭ ወለቀ።

አቤት ጣጣ! ኤሌክትሮዱ ባለአራት ጣቱን አልበይድም አለ፣ ባለአራት ጣቱ ቱርቦውን አልሸከምም አለ፣ ቱርቦው መኪናዋን አልነፋም አለ፣ መኪናዋ ቆርቆሮውን አልጭንም አለች፣ ቆርቆሮው ቤቱን አልከድንም አለ፣ አስካለም ከነልጇ ሰማይ ታያለች። አምስት ቀን።

«ማድረቂያ የለህም?» ይለዋል ይገርማል።

«አለኝ። ከአሮጌ ፍሪጅ የሠራኋት ሣጥን፣ ውስጧ ትልቅ አምፖል ያላት። ኤሌክትሮዱ አንድ ቀን አንድ ሌሊት ቢያድርባት እንደ ቆሎ ይደርቃል።»

«ታዲያ አታመጣትም?»

ሙሉሰው ራሱን አከከ። «ለእትዬ በላይነሽ አውሻታለሁ።»

«አውሰሃታል!» አልኩ እኔ። «ሰው ማብሰያውን አውሶ ጾሙን ያድራል?»

በላይነሽ መሐል ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ በእኔና በሙሉሰው አጥር መካከል። ሦስታችንም ሄድን። ሣጥኑን ብንከፍተው ጭው ጭው ጭው! ውስጡ ጫጩት ነው። የአንድ ሳምንት ጫጩት፣ አምፖሉ ሥር እንደ ቅቅል በቆሎ ተደርድረው።

«አትዝጉባቸው! ብርድ አታስገቡባቸው!» ብላ በላይነሽ ሮጣ መጣች።

«እትዬ፣ ሣጥኗን ለሁለት ቀን...» ሲል ሙሉሰው፣

«ሁለት ቀን? ሃያ አምስት ነበሩ፤ ብርድ ጨርሷቸው አሥራ አራት ቀሩኝ። ያለኝ እነሱ ናቸው። እናት የሌለው ጫጩት እናቱ አምፖል ነው። እናት አምጡላቸውና ሣጥናችሁን ውሰዱ!»

እውነቷን ነው፣ ግን እኔን ማን ይስማኝ? ጫጩቶቹ ሣጥኑን አንለቅም አሉ፣ ሣጥኑ ኤሌክትሮዱን አላደርቅም አለ፣ ኤሌክትሮዱ ባለአራት ጣቱን አልበይድም አለ፣ ባለአራት ጣቱ ቱርቦውን አልሸከምም አለ፣ ቱርቦው መኪናዋን አልነፋም አለ፣ መኪናዋ ቆርቆሮውን አልጭንም አለች፣ ቆርቆሮው ቤቱን አልከድንም አለ፣ አስካለም ከነልጇ ሰማይ ታያለች።

በዚህ መሐል በላይነሽ ባጥሩ አንገቷን አስግጋ ወደ እኔ ግቢ አየች። «ያንቺ ገብስማ ታቅፋ የለም እንዴ?»

ገብስማ ማለት ዶሮዬ ናት፤ እንደ ስሟ ነጭና ጥቁር የተሰበጣጠረች። አንድ ወር ሙሉ እንቁላል ታቅፋ አንድም አልፈለፈለችም፤ እንቁላሉ ገምቷል። እሷ ግን አልነሣም ብላ ትንቆራለች።

«ገብስማዬ አትነካም» አልኩ። «የአስካለ ናት። መኪናዋ የወጣች ቀን ይዣት እወጣለሁ። አራስ ባዶ እጅ ይጠየቃል?»

«የታቀፈች ዶሮ ምን ሥጋ አላት? ላባ ልትቀቅዪላት ነው?»

«ላባም ቢሆን የእናት ላባ ነው!» ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። አትሳቁ። ያኔ እልኸኛ ነበርኩ። አሁን ትንሽ ቀንሶልኛል።

ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ሙሉሰው ሣጥኑን እያየ ይቆማል። ይገርማል ቀይቱን ያጥባል፤ ያልቆሸሸ ነገር ያጥባል። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እረግማለሁ፤ ሙሉሰውን ዕቃ ስላዋሰ፣ በላይነሽን ስለተዋሰች፣ ይገርማልን አሮጊት መኪና ስለያዘ፣ ነፋሱን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጉም አምባ የወረደ ሰው «ልጅቷን ብርድ አግኝቷታል፤ ስታስል አደረች» አለኝ። አንቺን ነው ስንዱ። በዚያው ሰዓት አንድ የዝናብ ጠብታ እጄ ላይ ጠብ አለች።

«ሰው የለም!» ብዬ ጮኽኩ። «በዚህ አገር አንድ ሰው የለም! ለአንዲት አራስ ጣሪያ የሚያደርስ ይጥፋ?»

በላይነሽ ካጥሩ ማዶ ሰማችኝ። «ጌጤነሽ።»

«ምንድን ነው?»

«ዶሮዋ የማን ናት?»

«የአስካለ! ስንቴ ልንገርሽ?»

«አስካለ ምን ፈለገች?»

«ጣሪያ!»

«ዶሮ ብላለች?»

ዞሬ ገብስማን አየሁ።

«እስቲ ጣሪያው የት እንደተቀመጠ ቁጠሪልኝ» አለች።

ቆጠርኩ። ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ ከንዴቴ ጋር። እኔ ዶሮዬን አልሰጥም አልኩ፣ ጫጩቶቹ ሣጥኑን አንለቅም አሉ፣ ሣጥኑ ኤሌክትሮዱን አላደርቅም አለ፣ ኤሌክትሮዱ ባለአራት ጣቱን አልበይድም አለ፣ ባለአራት ጣቱ ቱርቦውን አልሸከምም አለ፣ ቱርቦው መኪናዋን አልነፋም አለ፣ መኪናዋ ቆርቆሮውን አልጭንም አለች፣ ቆርቆሮው ቤቱን አልከድንም አለ፣ አስካለም... አስካለም...

«ከነልጇ ሰማይ ታያለች» አለች በላይነሽ ቀስ ብላ። «ታዲያ ጣሪያው የት ነው ያለው?»

«ዶሮዬ ሥር» አልኩ። አፈርኩ፣ እንዴት ያለ እፍረት አፈርኩ! ለልጄ ብዬ የያዝኩት ነገር ልጄን ሲያስበርዳት ሰነበተ።

ዶሮ ማታ ላይ ዓይኗ አያይም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጠብቀን የገማውን እንቁላል አንድ በአንድ ከሥሯ አወጣን፣ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ ከተትን። የመጀመሪያውን ነቆረችው። በላይነሽ መልሳ ልታወጣው እጇን ሰደደች። ሁለተኛው ራሱ ተሹለክልኮ ክንፏ ውስጥ ገባ። ገብስማ ፀጥ አለች፤ ከዚያ «ቁር... ቁር...» አለች። ጭው ጭውታው አንዴ ቆመ። በላይነሽ አለቀሰች፤ እኔ እንኳ አላለቀስኩም፣ ጭስ ነው ዓይኔን የነካው።

ኤሌክትሮዱ ሣጥኑ ውስጥ አደረ፣ ዋለ። በማግስቱ ማታ ሙሉሰው ሲለኩሰው እንደ ዝናብ ሽ... ብሎ ወረደ እንጂ አልተፋም። እኔ ደግሞ ከምድጃዬ የሞቀ አመድ በግማሽ በርሜል ሞልቼ አመጣሁ፤ ትኩስ ብየዳ ነፋስ ካገኘው ይሰነጠቃላ። እንደ ድንች ቀበርነው። እስኪነጋ በቀስታ በረደ፤ ጧ አላለም።

አለቀ ስንል ደግሞ ቀይቱ ሞተር ላይ ሊታሰር ሲል አንዷ ብሎን በሁለት ጣቶች መካከል ሆና መፍቻ አላስገባ አለች! «ሙሉሰው፣ አንተ ሰውዬ፣ ጣቶቹን ስታጠጋጋ ማን በምን ያጥብቀው ብለህ ነው?» ይላል ይገርማል። ሙሉሰው የራሱን ደኅና መፍቻ በመጋዝ ለሁለት ቆረጠና በአጭሯ አጠበቃት።

ያን ጊዜ ተመለሰ እንግዲህ ነገሩ ሁሉ! ገብስማ ጫጩቶቹን ታቀፈች፣ ጫጩቶቹ ሣጥኑን ለቀቁ፣ ሣጥኑ ኤሌክትሮዱን አደረቀ፣ ኤሌክትሮዱ ባለአራት ጣቱን በየደ፣ ባለአራት ጣቱ ቱርቦውን ተሸከመ፣ ቱርቦው መኪናዋን ነፋ፣ መኪናዋ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ እያፏጨች ቆርቆሮውን ጫነች። እኔ ጋቢና ተቀምጬ፣ በዶሮዋ ፈንታ ቅቤና አብሽ ታቅፌ፣ ዳገቱን ስንወጣ ዓይኔን አልገለጥኩም። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነበር። የመጨረሻው ምስማር ሲመታ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ቤቱን ከደነ፣ አስካለም ከነልጇ ሰማይ ማየት ተወች።

ሳልሽ ጣሪያው በተመታ በሦስተኛው ቀን ለቀቀሽ ስንዱ፤ ያው እንደምናይሽ አፍሽ አይዘጋም። ቀይቱ አምስት ክረምት ሠራችና ለብረት ተሸጠች፤ ባለአራት ጣቱን ግን ሙሉሰው አስፈትቶ ወርክሾፑ በር ላይ ሰቅሎታል። አሁን ሁለት ሣጥን አለው፤ አንዱን ለሰው አያውስም። ይገርማል ሌላ መኪና ይዞ ያቺንም ያጥባል። ከበላይነሽ ጫጩቶች ዘጠኙ ለእንቁላል ደረሱ፤ እሷና እኔ አሁንም በሳምንት አንዴ እንጣላለን። ገብስማም ድስት ሳታይ አርጅታ፣ ያችው መታቀፊያዋ ላይ ሞተች።