ከሚስቱ ጋር የተቆራኘው ጠበቃ

አንድ ተከራክሮ ተረትቶ የማያውቅ ጠበቃ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ እንግዳሸት ይባላል። ዘመኑ ዳኛ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚፈርድበት፣ ጠበቃም በአንደበቱ የሚያድርበት ዘመን ነው። እንግዳሸት ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ በትሩን ቀስሮ መናገር ሲጀምር ገበያተኛው ሸቀጡን ጥሎ ሊሰማው ይመጣ ነበር። ለበሬ ሌባ ጥብቅና የቆመ እንደሆነ፣ ሰሚው ሁሉ ጥፋቱ የበሬው መስሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል እየተባለ ይወራለታል።

ይህ ሰው አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ሙግቱን ችሎት ላይ ትቶት አይመጣም፤ ቤቱም ይዞት ይገባል። ባለቤቱ ወይዘሮ ማዘንጊያ ወጡ ጨው ያነሰው ለምን እንደሆነ ስትነግረው፣ የዛሬ ቃሏን ከትናንት ቃሏ ጋር እያስተያየ ያፋጥጣታል። ልጃቸው ስንዱ ሰባት ዓመት ሲሆናት ማሰሮ የሰበረችው እርሷ መሆኗን በሦስት ጥያቄ አሳምኗት፣ አልቅሳ ይቅርታ ጠይቃለች። ማሰሮውን የሰበረችው ግን ድመቷ ነበረች።

ያን ችሎት ላይ የሚያምርበትን ነጭ ልብስ በየማክሰኞው ወንዝ ወርዳ በእንዶድ የምታጥብለት ማዘንጊያ ናት። አንድ ጊዜ ዘግይታ ብትመለስ ምን እንዳቆያት ጠየቃት። እግሬን እያመመኝ ነው አለችው። እርሱም ቅዳሜ ገበያ ደርሳ እንደመጣች፣ እሑድም ቆማ እንዳስቀደሰች አንድ በአንድ አስታወሳትና፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚታመም እግር በዓለም ላይ እንደሌለ አስረዳት። ማዘንጊያ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እግሯም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ተወች። ስንዱም አባቷ ሲጠይቃት "አዎ" ወይም "አይ" ብላ ከፊቱ ዞር ማለት ለመደች። እንግዳሸት ግን ቤቴ ሰላም ሆነ ብሎ ደስ አለው።

እንዲህ እየኖሩ ሳሉ አንድ ሰኞ ጠዋት ማዘንጊያ ችሎት ፊት ቀርባ ከባሌ ፍቱኝ አለች። እንግዳሸት ለሌላ ሰው ሊከራከር መጥቶ እዚያው ቆሟል። ሚስቱን ይወዳታል፤ ትሄዳለች ብሎ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። ነገር ግን አፉ ከልቡ የሚቀድም ሰው ነውና፣ ዳኛው ገና ሳይናገሩ እጅ ነሥቶ "ጌታዬ፣ ትቆራኝልኝ" አለ።

ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪታይ ድረስ አንዳቸው እንዳይሸሽ ልብስ ለልብስ ይታሰሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። እንግዳሸት በሙግት ዘመኑ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ የአሁኗ ባላጋራ ሚስቱ መሆኗ ትዝ ያለው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው።

ዳኛው ብዙ ያዩ ሽማግሌ ነበሩ። ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አድርገው የኩታውን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር በገዛ እጃቸው ቋጠሩት። ለለቅሶ ራቅ ወዳለ አገር ስለሚሄዱ ነገሩን ሐሙስ እንደሚያዩት ነገሯቸው። አሁን አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ስንዱ ዋስ ሆና ሲመሽ እንድትፈታቸው፣ ሲነጋ መልሳ እንድታስራቸው አዘዙ። እስከዚያ ድረስ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል የተናገረ በዚያው እንደሚረታም አስጠነቀቁ። ለእንግዳሸት ከመታሰሩ ይልቅ ይህ ባሰበት።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ማዘንጊያ የልብሱን ጥቅል አንሥታ ወደ ወንዝ ስትወርድ እርሱም ከኋላ ከኋላዋ ወረደ። እንዶዱን ወቅጣ፣ አረፋውን አውጥታ፣ ውሃ ውስጥ ገብታ ልብሱን በእግሯ ትረግጥ ጀመር። ቋጠሮው አጭር ነውና እርሱም ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። የተራራ ውሃ ነው፤ አጥንት ይሰብራል። ገና ሳይቆይ እግሩ ደነዘዘ፤ እርሷ ግን ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ አልወጣችም። እንዲያ የሚያበራው ኩታ እንዴት እንደሚነጣ ያወቀው ያን ዕለት ነው።

ዳገቱን ሲወጡ ማዘንጊያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለምን ተቀመጥሽ ሊላት አፉን ከከፈተ በኋላ የዳኛው ትእዛዝ ትዝ ብሎት መልሶ ዘጋው። መናገር ስላልቻለ ማየት ጀመረ። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ቀስ አድርጋ አሸችውና ተነሣች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ተቀመጠች። በሦስተኛው ላይ እንግዳሸት እርጥቡን ጥቅል ከጀርባዋ አውርዶ በትከሻው ተሸከመው። ቀና ብላ አየችውና ተነሥታ መንገዷን ቀጠለች። በገበያው መካከል ሲያልፉ፣ ታላቁ ጠበቃ ውሃ የሚንጠባጠብ ልብስ ተሸክሞ ሚስቱን ሲከተል ያየ ሁሉ ሳቀበት። እርሱ ግን ዓይኑን ከእግሯ ላይ አላነሣም።

ረቡዕ ጎረቤት አራስ ልትጠይቅ ሄደች። እርሱ ከበሩ ውጭ፣ እርሷ እዚያው ከበሩ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። ማዘንጊያ ጠላ ጠጥቶ የሰከረ ዶሮ እንዴት እንዳሯሯጣት ታወራ ጀመር። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እንግዳሸትም ሳያስበው ሳቀ። ሚስቱ እንዲህ ጨዋታ አዋቂ መሆኗን አያውቅም ነበር። የሳቁን ድምፅ ስትሰማ ዘወር ብላ አየችውና ጨዋታዋን አቋረጠች። እንግዳሸት ብዙ ሰው በነገር ወግቷል፤ እንደዚያች ዝምታ የወጋው ነገር ግን አልነበረም።

ሐሙስ ከተማው ሁሉ ችሎቱን ከበበ። እንግዳሸት ሚስቱን እንዴት አድርጎ እንደሚረታት ለማየት ከገጠር ሳይቀር የመጣ ነበር። ዳኛው አስቀድመው ለማዘንጊያ ተናገሪ አሏት።

"ጌታዬ" አለች፣ "ባሌ አልመቱኝም፤ አላስራቡኝም፤ ሐሰት አልናገርም። ነገር ግን በገዛ ቤቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ተከሳሽ ሆኜ ኖርኩ። ደከመኝ።"

ዳኛው ወደ እንግዳሸት ዞረው ምን ትመልሳለህ አሉት። በልማዱ በትሩን አነሣ። ከዚያ በትሩን እያየ ዝቅ አደረገው።

"እግሯን ያማታል ጌታዬ" አለ። "ልብሴን ስታጥብ ነው የታመመችው። ነግራኝ ነበር፤ ተከራክሬ ረታኋት።"

"ይህን ማለትህ ለማን እንደሚጠቅም ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ለእርሷ ነው።"

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አለቀሰ፤ ለማባበልም ለመርታትም አልነበረም።

ዳኛው ፍርዱ የማዘንጊያ መሆኑን፣ መፈታት ከፈለገችም ዛሬውኑ መብቷ መሆኑን ተናገሩ። እርሷ ባሏን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "ጌታዬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ" አለች። "ያልነገርኳቸው ብዙ ነገር አለኝ። ልንገራቸውና ሰምተውኝ ሲጨርሱ መጥቼ ቁርጤን አሳውቅዎታለሁ።"

ቋጠሮው ተፈታላቸውና ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከተጋቡበት ዓመት ጀምራ ነበር የምትነግረው፤ በር ላይ ሲደርሱ ገና ሁለተኛው ዓመት ላይ ነበረች። አጥሩ ሥር ተቀመጡና ቀጠለች። ስንዱ ምሳ ቀርቧል ልትል ወጥታ፣ አባቷ ዝም ብሎ ሲሰማ ብታየው አጠገባቸው ቁጭ አለች። ምሳው ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ዳኛው ማዘንጊያን ገበያ ባገኟት ቁጥር "እህ፣ ነግረሽ ጨረስሽ ወይ?" ይሏታል። እርሷም እየሳቀች "ገና ነው ጌታዬ" ትላቸዋለች። ሽማግሌው ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ይህን እየጠየቁ አረጁ፤ ዕድሜያቸው እስኪያልቅ ድረስም ቁርጡን አልሰሙም።

እንግዳሸት ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንደ ብዙዎቻችን ነው። ቤት ውስጥ ተከራክረን ስንረታ የምንረታው የምንወደውን ሰው ነው። የተረታ ሰው ደግሞ ዝም ይላል፤ እኛም ዝምታውን ሰላም ነው ብለን ደስ ይለናል። እስቲ ዛሬ ቤትዎ ሲገቡ ዙሪያዎን ይመልከቱ፦ ድሮ ያወራዎት የነበረ፣ አሁን ግን "አዎ" እና "አይ" ብቻ የሚልዎት ሰው አለ? ለመጨረሻ ጊዜ የነገረዎት ነገር ምን ነበር? እርስዎስ ምን ብለው መለሱለት?