የወፈረው ሽፋን

አንዲት ሴት ነበረች። ተመራማሪ ናት። ታናሽ እህቷ ትርሲት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ ያለ ኢንሱሊን መርፌ መኖር አትችልም። ታላቅየዋ «ይቺን ልጅ ከመርፌ ሳላላቅቅ አላርፍም» ብላ ተነሣች። እውነትም አላረፈችም።

ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሕያው ህዋሳትን በሽፋን ትጠቀልላለች። ሰው ሠራሽ ቆሽት በሉት። ሽፋኑ ለምን አስፈለገ? የሰውነታችን ዘበኞች እንግዳ አይወዱም፤ ካገኙት ይገድሉታል። ሽፋኑ ህዋሳቱን ከዘበኞቹ ይሰውራል። እንደ ወንፊት ግን ቀዳዳ አለው፤ ምግብና አየር ይገባበታል፣ ኢንሱሊን ይወጣበታል።

ሴትዮዋ ፈራች። የሚወድ ሰው ይፈራል። ሽፋኑን አወፈረችው። ለሙከራ አይጥ ውስጥ ስትተክላቸው ህዋሳቱ ሞቱ። «ዘበኞቹ ገብተው ነው» አለችና ይበልጥ አወፈረችው። አሁንም ሞቱ።

ቤትስ? ቤትም ያችው ናት። ትርሲት ሠርግ አትሄድም፤ ምግቡ አይሆናትም። ልቅሶ አትሄድም፤ ትደክማለች። ከጓደኞቿ ጋር ከከተማ መውጣትማ አይታሰብም። «እንዴት ዋልሽ?» ስትላት ትርሲት «ደህና» ትላለች። ሁልጊዜ ደህና። ታላቅየዋም አመነቻት።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ትርሲትን ደግፈው ይዘዋት መጡ። የጓደኛዋ እናት ሞተው ተደብቃ ልቅሶ ሄዳ ነበር። መርፌዋን ተወግታ ምሳ ሳትበላ ቀረች፤ ስኳሯ ወርዶ ድንኳኑ ውስጥ ተዝለፈለፈች። «ቶሎ ለስላሳ ባናቀምሳት ኖሮ እንግዲህ...» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ አልጨረሱትም።

«ሁለተኛ ከዚህ ቤት አትወጪም» አለች ታላቅየዋ።

«ይኸው» አለች ትርሲት።

«ምኑ ነው ይኸው?»

«ለዚህ ነው የማልነግርሽ። ከዚህ በፊትም ወድቄ አውቃለሁ፣ እትዬ። ብነግርሽ ሌላ በር ትዘጊብኛለሽ።»

በማግስቱ ሴትዮዋ ሥራ ገብታ የሞቱትን ህዋሳት በማይክሮስኮፕ አየች። አንድም ዘበኛ አልገባም። ሽፋኑ ደህና ነው። ህዋሳቱ የሞቱት ታፍነውና ተርበው ነው። ጥቂት የተረፉም ነበሩ፤ እነሱም ኢንሱሊን አይሰጡም። ስኳር መጨመሩ ካልተሰማቸው መቼ ይስጡ? የችግሩ ወሬ ካልገባ መድኃኒቱ እንዴት ይወጣል?

ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ሽፋኑን አሳሳችው።

ተሳካላት ወይ? ገና ነው። አሁን ደግሞ ዘበኞቹ ይገባሉ። ልኩን እየፈለገች ነው፤ ዛሬም ዕረፍት የላትም። ትርሲት ግን አሁን ስትወድቅ ትነግራታለች፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳ ትሰማታለች። መስማቱ ከምርምሩ ይከብዳል ትላለች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ልጃችሁን ከክፉ ባልንጀራ አጥራችሁታል። መልካም። ሲወድቅስ ለማን ይናገራል? ሚስትህ የምታፍረውን ነገር ለማን ትናገራለች? ለአንተ? ወይስ ገና አፏን ስትከፍት ትቆጣለህ? «እኛ ቤት ችግር የለም» ትላላችሁ። ችግሩ የለም ወይስ ወሬው አልደረሳችሁም?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያላችሁ ትመክራላችሁ። እንዲደብቅ ያደረገውስ ማን ነው? እኔ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ ልጆቼ «ደህና ነን» ሲሉኝ ደስ አይለኝም። እፈራለሁ።

እግዚአብሔር ጠብቁ ብሎ ሰጥቶናል፤ አዎ። አፍኑ ግን አላለንም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ስትቁነጠነጡ አያለሁ። የአንድ ሰው ስም መጥቶባችኋል። እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡ፤ ውጡና ደውሉለት። አትምከሩት፣ አትቆጡት፤ የሚላችሁን ብቻ ስሙት። ሂዱ፣ ስብከቱ ይቆያል።