ባለ ሦስት ስልኩ ነጋዴና ልብስ ሰፊዋ

አንድ ነጋዴ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙ እንድሪስ ይማም ይባላል። የሚሸጠው የወለል ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧና የበር እጀታ ነው፤ ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። አዲስ ዕቃ ወጣ ሲባል ከሰማ እጁ እስኪገባ ድረስ ዕረፍት የለውም። ሦስት ስልክ አለው። እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ክንዱ ላይ አስሯል። ሲያናግሩት የሚመልስ ስፒከር ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጧል፤ እንግሊዝኛ ካልሆነ ስለማይገባው ግን ቤተሰቡ ሰላም ሳይለው ያልፋል። ቴሌቪዥኑ ከትልቅነቱ የተነሳ ወደ ቤት ለማስገባት የሳሎኑን በር ማስነቀል ግድ ሆኖ ነበር።

ይህ ሁሉ እያለው እንድሪስ ይሰለቻል። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሱቁ በራፍ ላይ ወንበር ያወጣና አንዱን ስልክ ይከፍታል። በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ደግሞ ይገፋል። ከዚያ ይዘጋውና ሁለተኛውን ይከፍታል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ «ምንም የለም እኮ!» ይልና ያዛጋል።

ከመንገዱ ማዶ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል። የተማሪ ዩኒፎርምና የፍራሽ ልብስ ትሰፋለች። ስልኳ አንድ ነው፤ እሱም መስተዋቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያዘ። ያንን ስልክ የስፌት መኪናዋ ላይ ታስደግፈውና እየሰፋች ታየዋለች፣ ታዳምጠዋለች፤ ደግሞም ትስቃለች። ሳቋ መንገዱን ተሻግሮ እንድሪስ ሱቅ ድረስ ይሰማል።

አንድ ቀን ሳቋ አልቆም አለ። መርፌውን አቁማ፣ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ትስቃለች። እንድሪስ አላስቻለውም፤ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ምን ተገኘ?»

«ና እየው! በግ ሣልኩለት፤ ሶፋ ነው አለኝ!»

ያገኘችው ድረ ገጽ ላይ ሰው በጣቱ ይሥላል፤ ማሽኑ ደግሞ የተሣለው ምን እንደሆነ ይገምታል። ትርንጎ በጓ ሶፋ ሲሆንባት አራት እግር ጨመረችለት፤ «ጠረጴዛ» አለ። ላት ጨመረችለት፤ «የእጅ ቦርሳ» አለ። እንድሪስም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ ሌላም አሳየችው። ጠዋት ጠዋት በራፏ ላይ ካለው ዛፍ የሚዘምር ወፍ ነበር። ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ስልኳን ወደ ዛፉ ዘረጋች፤ አንድ መተግበሪያም ድምፁን ሰምቶ የወፉን ስምና ፎቶ አመጣላት። የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰ ሲያስቸግራት ደግሞ የዚያኑ መኪና የመመሪያ መጽሐፍ ፈለገች። ከአርባ ዓመት በፊት የታተመውን ያንን መጽሐፍ አንድ ድረ ገጽ ላይ ገጽ በገጽ አገኘችው፤ ሥዕሉን እየተከተለችም ራሷ ጠገነችው።

«ይሄ ሁሉ እኔ ስልክ ላይ የለም» አለ እንድሪስ።

«እስቲ አምጣው።»

ሰጣት። የበጉን ድረ ገጽ ስሙን ጽፋ ከፈተችው። እሷ ስልክ ላይ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጀው እሱ ስልክ ላይ ወዲያው ተከፈተ። እንድሪስ ግራ ገባው።

«ታዲያ እኔ ለምን አላገኘሁትም?»

«ስትከፍተው ምን ትለዋለህ?»

«ምን እለዋለሁ? እከፍታለሁ፤ ያመጣልኝን አያለሁ።»

«እኔ ጠይቄው ነው የምከፍተው» አለች ትርንጎ። «ይሄ ወፍ ማነው? ክሩ ለምን ይበጠሳል? አንተስ ምን ማወቅ ፈልገህ ነው?»

እንድሪስ ስልኩን ተቀብሎ በእጁ እያገላበጠ ቆመ። 

«በል ሂድና ጥያቄ ፈልገህ ና» አለችው፤ እግሯንም ወደ ፔዳሉ መለሰች።

በማግስቱ እንድሪስ ቀላሉን መንገድ ያዘ። «ምርጥ ምርጥ ድረ ገጾች» ብሎ ጻፈ። መቶ ገደማ መጣለት። አንዱ የባሕር ዓሦችን በቀጥታ ያሳያል። አንዱ የተወለዱበትን ቀን ሲነግሩት ስንት ቀን እንደኖሩ ያሰላል። ሌላው ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው የዝናብ ድምፅ ያሰማል። እንድሪስ እያንዳንዱን «ጥሩ ነው» እያለ ከፍቶ ዘጋ። ማታ ሚስቱ ሀያት «ዛሬ ምን አየህ?» ብትለው አንዱንም ማስታወስ አልቻለም።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ጋ ተመለሰ። አፍሮ ነበር።

«እትዬ፣ ጥያቄ አጣሁ። ማወቅ የምፈልገው ነገር የለኝም።»

ትርንጎ ይህን ጊዜ አልሳቀችም። መኪናዋን አቆመችና አየችው።

«ለራስህ ካጣህ ለሰው ጠይቅ። ቤት ማን አለህ?»

«ሀያት አለች። ልጄ ሩቅያ አለች። አባቴ አሉ።»

«ጋሽ ይማም እንዴት ሆኑ?»

አባቱ ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው፤ ከኮምቦልቻ አሰብ፣ ከአሰብ ኮምቦልቻ። ከአራት ዓመት በፊት የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ወሰደው። መጀመሪያ ሰሞን ያጫውቱ ነበር፤ ኋላ ወሬያቸው እያጠረ ሄደ። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ግን መብሉንም ተዉት። ሁለት ጉርሻ ይወስዱና እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሐኪሙ ሁሉን መርምሮ «በሽታ አላገኘሁም፤ ግን እንዲህ ከቀጠሉ ሰውነታቸው አይችለውም» ብሏል።

«ያላመጣሁላቸው ነገር የለም» አለ እንድሪስ። «ስፒከሩን ያመጣሁት ለእሳቸው ነበር። ሰውነት የሚያሽ ወንበር አመጣሁ። አልነኩትም።»

«ምን ይወዳሉ?»

«እኔ እንጃ።»

«ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«ዕቃ በገባ ቁጥር ‹ወደዱት ወይ?› እላቸዋለሁ።»

«እሱ እኮ ስለ ዕቃው ነው የጠየቅኸው» አለችው ትርንጎ።

እንድሪስ በዚያ ቀን ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋ። ሦስቱንም ስልክ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ወደ ቤት ሄደ። አባቱ እንደ ወትሯቸው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ምን ቢሰሙ ደስ ይልዎታል?»

ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱና «ምን አስጠየቀህ?» አሉት።

«ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ዳበሱት፤ እሱ ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጡ ይመስል ነበር።

«በመኪናዬ ሬዲዮ ነበረኝ» አሉ። «ሚሌን አልፈን ወደ አሰብ ስንወርድ የአዲስ አበባው ጣቢያ እየተቆራረጠ ይጠፋል። ከዚያ በረሃው ነው፤ ምንም የለም። ማንዳ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ግን ሌላ ጣቢያ ይገባል። ከባሕሩ ማዶ፣ ከየመን። ክራር የመሰለውን ዑድ ይመታሉ፣ ያንጎራጉራሉ። ግጥሙ ብዙም አይገባኝም ነበር። እሱ ሲገባ ግን ድካሜ ይለቀኛል፤ ባሕሩ ቀረበ፣ ደረስኩ እላለሁ።» እጃቸውን ወደ ጉልበታቸው መልሰው «እሱን ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ከየት ይመጣል!» አሉ።

እንድሪስ ከምንጣፉ ተነሣ። ጫማውን በቅጡ ሳያስር ሮጦ ወጣ።

«እትዬ ትርንጎ! አገኘሁ! ጥያቄ አገኘሁ!»

የስፌት መኪናዋ ቆመ። ስልኮቹን ሱቁ ውስጥ ቆልፎ ስለነበር የእሷን ባለ ስንጥቁን ስልክ ተቀበላትና ራሱ ጻፈ። የመጀመሪያው ፍለጋ ዘፈን የሚሸጡ ሰዎችን አመጣ። ሁለተኛው የሬዲዮ ጥገና አስተማሪ አመጣ። በሦስተኛው ግን አንድ ክብ ምድር ስልኩ ላይ እየዞረች ብቅ አለች። ላይዋ በጥቃቅን አረንጓዴ ነጥቦች ተሞልቷል። እያንዳንዱ ነጥብ የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ሲነኩት በዚያች ደቂቃ የሚያሰማውን ያሰማል።

ለሙከራ አንዱን ነኩ። ጃፓን ውስጥ መሽቷል፤ አንዲት ሴት በለሆሳስ ታወራለች። ሌላ ነኩ። ሜክሲኮ ውስጥ ገና እየነጋ ነው፤ ሰዎች ጥሩምባ ይነፋሉ። ዩኒፎርም ሊወስድ የመጣ አባት አንገቱን አስገባ። አንድ ባለ ባጃጅ መንገዱ ዳር አቁሞ ወረደ።

«ቆይ፣ ቆይ፤ ይሄ አሁን ነው? በዚህች ደቂቃ?» አለ ባለ ባጃጁ።

«አሁን ነው!» አለች ትርንጎ፣ የራሷ ጣቢያ ይመስል በኩራት።

እንድሪስ ምድሪቱን በጣቱ አዞረና ቀይ ባሕርን ፈለገ። ሲያገኘው ማዶውን ጠጋ ብሎ አየ። ነጥቦች ነበሩ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ያንን የማንም ወዳጅ ያልሆነ ስፒከር ከሱቁ መሳቢያ ካወጣው ስልኩ ጋር አገናኘውና አባቱ አጠገብ አስቀመጠው። መጀመሪያ የነካው ጣቢያ ዜና ያነባል። ሁለተኛው የኳስ ጨዋታ ነው። እንድሪስ ሦስተኛውን ነካ።

ዑድ ነበር። ከኋላው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ጋሽ ይማም አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ሁለት እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሥቶ ፊት ለፊታቸው ክብ ሠርቶ ቆመ። መሪ የያዘ ሰው እጅ ነበር። ጣቶቻቸው ምቱን እየተከተሉ አየሩን መታ መታ አደረጉ።

«ጨምረው» አሉ። እንድሪስ ጨመረው።

«ማንዳን አለፍን» አሉና ሳቁ።

ሀያት ሳቁን ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ማን እንደሳቀ ስታይ እዚያው በሩ ላይ ቆመች። ሩቅያ እየሮጠች መጥታ አያቷ ጉልበት ላይ ወጣች።

«አባባ፣ ከዚያስ?»

ከዚያማ ጋሽ ይማም አወሩ። ዳውድ የሚባለው ረዳታቸው አሰብ ላይ ዓሣ ገዝቶ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ሞተሩ ላይ ሊያበስል አስቀመጠ። ወሬ ይዞት ረሳው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ በየኬላው የሚፈትሿቸው ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው «እለፉ! እለፉ!» እያሉ ሸኟቸው። ሩቅያ እስክትንከባለል ሳቀች። እንድሪስ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ይህን ታሪክ ግን ሲሰማ ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

ሽማግሌው ወሬያቸውን ጨርሰው ከንፈራቸውን ላስ ላስ አደረጉ።

«ለመሆኑ እዚህ ቤት ዓሣ የለም?» አሉ።

ሀያት እየሳቀች አለቀሰች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እንድሪስ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሐይቅ ሄደ፤ ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ዓሣ ይዞ ተመለሰ። ጋሽ ይማም አንዱን ዓሣ ብቻቸውን ጨረሱት። አጥንቱን ሳይቀር ነው ልል ነበር፤ አጥንቱን ግን ለቤቱ ድመት አስቀመጡላት።

ከዚያ ወዲህ እንድሪስ ሱቅ በራፍ ላይ ሁለት ወንበር ይወጣል። አባትየው ከሰዓት በኋላ እዚያ ይቀመጣሉ። የሚያልፉ ሾፌሮች ቆመው «ዛሬ ወዴት ነን፣ ጋሽ ይማም?» ይሏቸዋል። እሳቸውም እንደ ቀኑ «ዛሬ ሕንድ ነን»፣ «ዛሬ ሴኔጋል ነን፤ ከበሯቸውን ስማ!» ይላሉ። ከሰዎች ጋር ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ። ሐኪሙ በቀደም መዝኗቸው ፈገግ ብሏል።

እንድሪስም መጠየቅ ለመደ። ሚስቱን ጠየቃት። ከልጅነቷ ጀምሮ የዐረብኛ ፊደልን አሳምራ መጻፍ ትመኝ እንደነበር ነገረችው። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ አልሰማም ነበር። የእያንዳንዱን ፊደል አጣጣል አንድ በአንድ የሚያሳይ ድረ ገጽ ፈልጎ አገኘላት፤ አሁን የቤቱ ግድግዳ በእሷ ጽሕፈት እየተሞላ ነው። ጎረቤቱን ጠየቀ። ሠራተኞቹን ጠየቀ። አዲስ ነገር ባገኘ ቁጥር መንገዱን ተሻግሮ ትርንጎ ጋ ይሮጣል፤ ሁለቱ ሲሳሳቁ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ወዳጆቼ፣ በየኪሳችን የያዝነው ነገር ብዙ ይችላል። የወፍ ስም ይነግረናል፣ የተበላሸ ያስጠግነናል፣ ከባሕር ማዶ ዜማ ያመጣልናል። ምን እንደምንፈልግ ግን እሱ አያውቅልንም። ዝም ብለን ስንከፍተው ያገኘውን ያጎርፍልናል፤ እኛም ያንን ስናይ ውለን ባዶ እጃችንን እናድራለን። ጥያቄ ይዘን ስንከፍተው ግን ይታዘዘናል። ለራሳችን የምንጠይቀው ቢያልቅብን እንኳ አጠገባችን ያለው ሰው ማንም ጠይቆት የማያውቅ ስንት ነገር በሆዱ ይዞ ተቀምጧል። መልሱ በሰከንድ ይገኛል፤ የሚቸግረው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ምን ደስ ይልሃል?» የሚለው ሰው ማግኘቱ ነው።

ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት እስቲ ቀና ብለው ዙሪያዎን ይመልከቱ። ዛሬ ማንን ይጠይቃሉ?