የአያ ጎሽ ይግባኝ

በአያ አንበሶ ግዛት ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። የሚያዝዘው ያዝዛል፤ የሚዘምተው ይዘምታል። ቆስሎ የተመለሰ ደግሞ ጉዳቱ በቦርድ ይመዘናል፤ ከዐሥር አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ በወንዙ ዳር ለምለም መስክ ዕድሜ ልኩን ይግጣል፤ ከዚያ በታች ያገኘ ከመንጋው ጋር ደረቁን ኮረብታ ይወጣል። ሕጉን ያወጣው ራሱ አንበሳው ነው። ሲያወጣውም አልቅሷል ይባላል።

አያ ጎሽ ከጅቦቹ ጦርነት የተመለሰው የኋላ እግሩን እየጎተተ ነው። የቦርዱ ሐኪም ጥንብ አንሳ ሁለት ጊዜ ዞረውና «ገና ነው» አለ። ሰብሳቢው ቀበሮም «ከዐሥር ሁለት» ብሎ ወሰነ።

ጎሹ ይግባኝ አለ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ኮረብታውን መውጣት አልቻልኩም። መንጋው ጥሎኝ ይሄዳል።»

«እግርዎ መጎዳቱን አልካድንም» አለ ቀበሮ በትሕትና። «በጦርነቱ ለመጎዳቱ ግን ማስረጃ የለም። ጉድጓድ ገብተው ቢሆንስ? ያየ ምስክር ያምጡ።»

«አብረውኝ የነበሩት ሁሉ እዚያው ቀሩ።»

«እንግዲያው ምስክር የለዎትም ማለት ነው።»

ጎሹ ሦስት ቀን ተኝቶ አሰበ። በአራተኛው ቀን እያነከሰ ወንዙን ተሻገረና የነከሰውን ጅብ ፈልጎ አገኘው። ጅቡ አንድ ዓይኑ የለም።

«ልትጨርሰኝ መጣህ?» አለ ጅቡ።

«እንድትመሰክርልኝ ነው የመጣሁት።»

ጅቡ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ።

«የእኛዎቹም ዓይንህን እሾህ ወግቶህ ነው አሉኝ» አለ። «እኔ ላንተ እመሰክራለሁ። አንተም የወጋኝን ቀንድህን ይዘህ ለእኔ ልትመሰክር ትመጣለህ።»

በጉባኤው ፊት ጅቡ ቆመ። «የነከስኩት እኔ ነኝ። ካላመናችሁ ጥርሴን ከጠባሳው ጋር አስተያዩት።»

አስተያዩት፤ ልክክ አለ። ጉባኤው ማጉረምረም ጀመረ። ቀበሮ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «ጠላት ለእኛ ብሎ አይዋሽም» አለና ስድስት ሰጠ።

በማግስቱ ማለዳ አንበሳው ከቋጥኙ ላይ ሆኖ ወደ ወንዙ ተመለከተ። አንካሳው፣ ቀንደ ሰባራው፣ ጆሮ ቆራጣው ተሰልፎ ይሻገራል። ከማዶም የቆሰሉ ጅቦች ይመጣሉ። መሃል ውኃው ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ይተያያሉ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለ አንበሳው።

«ምስክር ፍለጋ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ።

አንበሳው ለበጋ ያሰበውን አዲስ ዘመቻ ሊያውጅ አፉን ከፍቶ ነበር። መልሶ ዘጋው።