የእመት አህዪት ባለ ድንኳን ታንኳ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ይመስለኛል፣ ወሩን ግን ልሳሳት እችላለሁ፣ እመት አህዪት የምትባል አህያ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር ትኖር ነበር። ውሃ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር፣ ከደንገል፣ የተሠራች ታንኳ ነበረቻት። ታንኳዋ ትንሽ ብትሆንም ምሰሶ ቆሞላት ሸራ ይዘረጋባታል። ከምሰሶው በስተኋላ ደግሞ ሦስት እንስሳት ተጠጋግተው የሚቀመጡበት ጎድጓዳ ቦታ አላት።

የእመት አህዪት ልጅ ዛጎል ከሐይቁ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። በዚያ አገር አህዮች ዘንድ አራስ የምትቀምሰው የመጀመሪያ ገንፎ እናቷ ራሷ ይዛ በመጣችው ዱቄት መሠራት አለበት። ከጎረቤት ዱቄት መለመን ነውር ነው። ማዶ ለመድረስ ግን ነፋሱ ቢቀና እንኳ አንድ ቀን፣ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ወቅቱም በየቀኑ ወደ ማታ ዝናብ የሚጥልበት ነው። ታላቅ ልጇ የወለደች ጊዜ እመት አህዪት የጫነችው ዱቄት መንገድ ላይ ረጥቦ ሊጥ ሆኖ ደረሰ። የልጇ አማቶች ምንም አልተናገሩም። እሷን እስካሁን የሚያንገበግባት ያ ዝምታ ነው።

ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ ታንኳዋ ላይ ድንኳን ልትሠራ ቆረጠችና አብሯት የሚሄደውን ጎረቤቷን ቀበሮን አማከረች። ቀበሮም ነገሩ ቀላል እንደሆነ አስረዳት። ሲመሽ ሸራው ይወርዳል፤ ሸራው የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት በሁለት ባላ ላይ ይጋደማል፤ በእንጨቱ ላይ ልባስ ጣል ተደርጎ ግራና ቀኙ ከታንኳዋ ጠርዝ ጋር ይታሰራል። እመት አህዪት ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠረች መቀመጫውን ለካች። አምስት ክንድ ሆነ። ተጠራጥራ እንደገና ለካች። አሁንም አምስት ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ልትለካ ስትል ቀበሮ ገመዱን ቀማት።

ሁሉም ተሟልቶ የጎደለው ዝናብ የማያሳልፍ ልባስ ብቻ ነበር። ይህን የሰማው አያ ጅቦ አንድ ትልቅ የበሬ ቆዳ ተሸክሞ መጣ። ቆዳውን በነጻ እንደሚሰጥ፣ ማሰሪያ የሚሆን ጠፍርም እንደሚጨምር ተናገረ።

«ግን ቆዳዬ ያለ እኔ አድሮ አያውቅም» አለ። «አብሬያችሁ እሄዳለሁ። አንቺ ከውስጥ ትተኛለሽ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ እጠብቅሻለሁ።»

«ከማን ነው የሚጠብቁኝ፣ አያ ጅቦ?»

አያ ጅቦ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሐይቁን አየት አድርጎ «ከዓሣ» አለ።

ቀበሮ እመት አህዪትን ወደ ጎን ወስዶ፣ ጅቡ የሚፈልገው መሸሻ በሌለበት በሐይቁ መካከል እሷን ለመብላት እንደሆነ ነገራት። እሷም አላጣችውም። ነገር ግን ሌላ ቆዳ የለም፣ የዛጎልም ቀን እየደረሰ ነው። ጅቡን ብትመልሰው ዱቄቱ ይበላሻል፤ ብትወስደው እሷን ራሷን ይበላታል። በመጨረሻ ቀበሮ፣ ድንኳኑን መጀመሪያ መሸሻ ባለበት እዚሁ ዳር ላይ እንሞክረው አለ። እመት አህዪት ጅብ ባይኖርም ሳትሞክር የምትነሣ አልነበረችም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ሲጠቁር፣ ታንኳዋን ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ አሰሯት። ቆዳው ተዘረጋ፣ በጠፍርም ተወጠረ። ለሙከራ አንድ ከረጢት ዱቄት ከውስጥ ተቀመጠ። እመት አህዪት የደንገል ምንጣፏ ላይ ተቀመጠች፤ አያ ጅቦ በሩ ላይ ተቀምጦ መውጫውን ዘጋ፤ ቀበሮ ዳር ቆሞ ይመለከት ጀመር።

ዝናቡ መጣ። ለረጅም ጊዜ አንድ ጠብታ እንኳ አልገባም። እመት አህዪት በሥራዋ ደስ አላት። አያ ጅቦም ጭኖቿን እያየ የትኛውን እንደሚያስቀድም ያስባል። ቆዳው ግን እየራሰ፣ እየለሰለሰ ሄደና ከጠርዙ አንዲት ጠብታ አያ ጅቦ አፍንጫ ላይ አረፈች። ላሳት። የበሬ ጣዕም አላት። ሁለተኛዋንም ላሰ። ሦስተኛዋን አፉን ከፍቶ ጠበቃት፤ ስትዘገይበት የጠፍሩን ጫፍ ብቻ ቀመሰ። ከዚያ ጠፍሩን በላው። ከዚያ ወደ ቆዳው ተሻገረ። አህያ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ከሐሳቡ ጠፋ።

«እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በይ» አላት እያላመጠ። «ጥሩውን ቦታ ተደግፈሽበታል።»

ፈቀቅ ስትል የመጨረሻው ጠፍር ተበጠሰ። አግዳሚው እንጨት አያ ጅቦ አናት ላይ ወደቀ፣ ታንኳዋ ዘመመች፣ ጅብና ድንኳን ተጠቅልለው ውሃ ውስጥ ገቡ። እመት አህዪት ምንጣፏን ከረጢቱ ላይ ወርውራ በእግሯ እየተራመደች ወጣች። አያ ጅቦም ቆይቶ ከአፉ የቆዳ ቁራጭ እንደተንጠለጠለ ብቅ አለ።

ቀበሮ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብሎ «አያ ጅቦ፣ ድንኳኑን እንዴት አገኙት?» ሲል ጠየቀው።

አያ ጅቦ የቀረውን ዋጥ አድርጎ አሰበ። «ጨው አንሶታል» አለ።

ቀበሮ እየሳቀ መሬት ላይ ተንከባለለ። እመት አህዪት ግን አልሳቀችም፤ ከመሞት ብትተርፍም ድንኳን አልነበራትም። ዝናቡ ሲያባራ የረጠበውን ዱቄት ልትደፋ ሄደች። ምንጣፉን አነሣች። አፏን ከረጢቱ ውስጥ ከተተችና አነጠሳት። ደግማ አነጠሳት፤ አፍንጫዋ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዱቄቱ ደረቅ ነበር። ምንጣፉን አገላብጣ መረመረችው። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኗል።

«ቀበሮ» አለችው፣ «ሐይቅ ላይ ስንሄድ ከበታችን ያለውን ውሃ የሚከለክልልን ምንድን ነው?»

«ደንገል ነዋ።»

«ታዲያ ከላያችንስ?»

ቀበሮ ምንጣፉን አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው። ዕድሜ ልካቸውን በደንገል ላይ ሲቀመጡ ከደንገል ሥር መቀመጥ ለማንም ትዝ አላለውም ነበር።

በማግስቱ ሙሉ ቀን የደንገል ድንኳን ሲሠሩ ዋሉ። ለሁለቱ ዳሮች ትርፍ አስበው ርዝመቱን ስድስት ክንድ አደረጉት፤ እመት አህዪት ሦስት ጊዜ ስትለካው ቀበሮ ገመዱን ያዘላት። አያ ጅቦም ሆዱን ይዞ መጣና አዲሱን ድንኳን አሸተተ። ሣር የሚበላ ይተኛበት ብሎ ተመለሰ። ቀበሮን ያሳሰበው ይኸው ነበር፤ አብራው የምትሄደው ሣር የምትበላ ናት። ድንኳኑን እንዳትነካ አስማላት። እሷም ስለ ጣሪያው ማለች። ስለ ጠርዙ ምንም አላለችም።

ጉዞው ቀና። የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ሸራውን አውርደው ድንኳኑን ዘረጉ። ዝናቡ ከላይ ሲወርድ ሁለቱ ከሥር ተጋድመው እየተጫወቱ አነጉ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ማዶ ሲደርሱ ዛጎል በዚያው ጠዋት ወልዳ ነበር። ከረጢቱ ሲፈታ ዱቄቱ ቦነነ፤ የዛጎል አማቶች በተራ አነጠሱ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ አልነበረም። ገንፎው ተሠራ፣ እልልታው ቀለጠ፣ አማትየዋም ገና ሳትጎርስ እንዲህ ያለ ድንኳን እንዲሠሩላት ጠየቀች።

የዱቄቱን መድረቅ ሁሉም ይመሰክራል። የድንኳኑን ልክ ግን ተጠራጥሬ በኋላ አረጋግጫለሁ፤ ማዶ ሲለካ ከስድስት ክንድ አንድ ስንዝር ይጎድለው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሩቅ መንገድ የሠራነውን ሁሉ መጀመሪያ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ መሞከር እንዳለብን ነው።