አባት ልጁን የገለበጠበት ድንጋይ

አንድ ጆሲያ የሚባል የፖም ገበሬ በአንዲት የእንግሊዝ መንደር ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። የአትክልት ቦታው ከመንደሩ የጋራ መስክ ጋር ይዋሰናል፤ በመካከላቸው አጥር አልነበረም። እዚያው ወሰኑ አካባቢ በበጋም የማይደርቅ ምንጭ ነበረ። መንደሩ በሙሉ የሚቀዳው፣ ከብቱም የሚጠጣው ከዚያ ነው።

የዚያ መንደር ሰዎች ለሰሚ የሚያስቅ ልማድ ነበራቸው። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ቄሱን አስቀድመው፣ የአኻያ ዘንግ ይዘው የመንደሩን ወሰን ይዞራሉ። የወሰን ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አንድ ልጅ ይይዙና እግሩን ወደ ሰማይ ገልብጠው አናቱን ከድንጋዩ ጋር ቀስ አድርገው ያጋጩታል። ከዚያ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ይሰጡታል። “ግጭቱን ቢረሳ ዳቦውን አይረሳም፤ ዳቦውን ቢረሳ ግጭቱን አይረሳም” ይሉ ነበር። ሽማግሌ ሲሞት ድንበሩ አብሮት እንዳይቀበር የዘየዱት መላ ነው። መላው የሚደነቅ ነው፤ አናቱን በፈቃዱ የሚያበድር ግን ብዙ አይገኝም።

ታዲያ በዚህ ልማድ እንደ ነውር የሚቆጠር አንድ ነገር ነበር። የባለቤቱ ልጅ በራሱ ወሰን ላይ አይገለበጥም፤ ለዚያ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። የጆሲያ የመጀመሪያ ልጅ ሄስተር ትንሽ ልጅ ሳለች ግን ሕዝቡ ምንጩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ሲደርስ አባቷ እጇን ይዞ ወደ ፊት ወጣ።

“የእኔዋ ትሁን” አለ።

“አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? በገዛ ደጃችን?” አለች እናቷ ፊቷ ቀልቶ።

ጆሲያ ግን ልጁን ገልብጦ አናቷን ከድንጋዩ አስነካና፣ “ምን ይታይሻል?” አላት።

“የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ” አለች ሄስተር እያለቀሰች። “በሁለቱ ጉብታዎች መሀል ቁልቁል ተንጠልጥሏል። አባባ፣ አውርደኝ!”

“በደንብ እዪው።”

አየችው። ዳቦውን ግን አልበላችም። በሰው ሁሉ ፊት መሳቂያ አደረገኝ ብላ አባቷን አኮረፈችው። ታናሽ ወንድሟ ዋልተር ያኔ ገና በእናቱ እቅፍ ነበር።

ዘመን አለፈ። ልማዱ ቀረ፤ ድንጋዩንም ቁጥቋጦ ዋጠው። ድንበሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ተራ በተራ አለቁ፣ ጆሲያና ሚስቱም አረፉ። አትክልቱ ለሄስተርና ለዋልተር ደረሰ። ሄስተር ባል አላገባችም፤ የምትኖርበት አሮጌ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ እሷም አርጅታለች። አንድ ክረምት ኃይለኛ ጎርፍ መጣና ድንጋዩን ከነቁጥቋጦው ጠራርጎ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሀብታም ቢራ ጠማቂ ከከተማ መጣ። “ምንጩ የእናንተ ከሆነ ቦታውን በጥሩ ዋጋ እገዛና አጥረዋለሁ። ካልሆነ አልፈልገውም” አላቸው።

ዋልተር ምንጩ የእኛ ነው አለ። መንደርተኛው የለም፣ የጋራችን ነው አለ። ድንጋዩ የት እንደነበር ሲጠየቁ ግን አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይጠቁማል። በመጨረሻ ቄሱ ሁሉንም ምንጩ አጠገብ ሰበሰቡ።

“እሜቴ ሄስተር” አሉ ቄሱ፣ “በዚህ ድንጋይ ላይ ከተገለበጡት ልጆች በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የሚሉትን ሁላችንም እንቀበላለን።”

ዋልተር ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ “እትዬ፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ረሳሁ ብትዪ ማን ይፈርድብሻል? ጣሪያሽን አስቢ” አላት።

ሄስተር ጣሪያዋን አሰበች። ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ መጎተቷን አሰበች። “ረሳሁ” ማለት በዚህ ዕድሜ ምን ያህል ቀላል ነው! ልቧ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። አባቷ ያን ቀን ለምን የጎረቤት ልጅ እንዳላስጠራ የገባትም ያኔ ነው። የጎረቤት ልጅ በመርሳቱ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ለመርሳት የሚፈተነው የቤቱ ልጅ ነው። አባቷ ይህን ገና ድሮ አውቆት ነበር። እንባዋ መጣ።

ቀና ብላ ጉብታዎቹን ብታይ ቦታው አልመጣላትም፤ እሷ የምታውቀው የተገለበጠውን ነው። ስለዚህ ባልቴቷ ቀሚሷን ሰብስባ በሕዝብ ፊት ጎነበሰችና በእግሮቿ መሀል አጮልቃ ተመለከተች። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፣ ትልልቆቹም ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነከሱ። ማማው በአንደኛው ጉብታ ተሸፍኗል። ተነሣች፣ ወደ ፖሞቹ ጠጋ አለች፣ ደግማ ጎነበሰች። ዋልተር አፍሮ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን ምንጩን ከኋላዋ ትታ ከመጀመሪያው የፖም ዛፍ ሥር እስክትደርስ ድረስ አልተወችም። እዚያ ማማው በሁለቱ ጉብታዎች መሀል ቁልቁል ተንጠልጥሎ ታያት።

“እዚህ ነው” አለች እያለከለከች። “ምንጩ ከወሰኑ ወዲያ ነው፤ የመንደሩ ነው።”

“አባታችን ያን ሁሉ ያደረገው እኛን ሊያደኸየን ነው?” አለ ዋልተር በንዴት።

“አይደለም ወንድሜ። የእኛ የት ላይ እንደሚያልቅ እንድናውቅ ነው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።”

ጠማቂው በመጣበት ተመለሰ። የሄስተር ጣሪያ ያን ክረምትም አፈሰሰ፤ ታሪኩን ለማሳመር ሌላ ብንል ውሸት ይሆናል። መንደርተኞቹ አዲስ ድንጋይ ሲያንከባልሉ ዋልተር እጁን አጣጥፎ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አያቸው። ኋላ ግን ኮቱን አውልቆ ድንጋዩን በትከሻው አብሯቸው ገፋ።

“ይህ የእኛ ነው” ብሎ ለልጁ ማሳየት የሚያቅተው ወላጅ የለም። “ከዚህ ወዲያ የእኛ አይደለም” ብሎ፣ ያውም ልጁ እስኪያለቅስና እስኪያኮርፈው ድረስ የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። መሬት ያወረሰ አባት ይመሰገናል፤ ወሰን ያወረሰ ግን የበለጠ ሊመሰገን ይገባዋል። የእናንተስ ልጆች የእናንተ ያልሆነው ከየት እንደሚጀምር ያውቃሉ?